መዝጊያው ያልተሰማ ምት

ራንስፎርድ ቀን መቁጠር የጀመረው ኬንሪክ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሞቱት ሁለቱ ዘፋኞች ለእሱ ሁለት የተለያዩ ሐዘኖች ነበሩ። በዚያ ዓመት ኪንግስተን ውስጥ ሐዘን ብርቅ አልነበረም፤ ሰው ከቀብር መልስ ጫማውን ሳያወልቅ ሌላ መርዶ ይረዳ ነበር። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ነገሩ አልጣመውም።

መጀመሪያ ሁበርት ነው የሄደው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋኝበት በኖረው በቡል ቤይ ባሕር፣ ማዕበል በሌለበት ቀን ሰጠመ። ቀጥሎ ሌስተር ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ሲልጥ የጎረቤት ግንብ ተደረመሰበት። ኬንሪክን ደግሞ በስፓኒሽ ታውን መንገድ አውቶቡስ ገጨው። ኬንሪክ ጠጉሩን እስከ ወገቡ ያንዠረገገ ራስታ ነበር። ከየትም ከየትም ብሎ ሁለት የአማርኛ ቃል ተምሮ፣ ዘፈኑን ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ!» ብሎ ነበር የሚጀምረው። አነጋገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ምኞቱ የምር ነበር። ለራሱ ግን አልደረሰለትም።

ሦስቱም የሞቱት ሰኞ ቀን ነው። ራንስፎርድ በጣቱ ቢቆጥር ሦስቱም ዘፈናቸው እሑድ በማክስፊልድ መንገድ ሜዳ በሚደረገው የሸክላ ጭፈራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰማ በዘጠነኛው ቀን ነበር የሞቱት። ሦስቱም የዘፈኑት በአንድ ሪዲም ላይ ነው። ሪዲሙ ደግሞ የራሱ የራንስፎርድ ነው።

በዚህች ከተማ ሙዚቃ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቀመጥም። ቤዝ ጊታሩና ከበሮው አንዴ ይቀዳል፤ እሱን ነው ሪዲም የሚሉት። ካማረ ዛሬ አንዱ የፍቅር ግጥም ይጭንበታል፣ ነገ ሌላው ስለ ረሃብ ያለቅስበታል፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው ይለፈልፍበታል። ሰዉም አይሰለቸውም፤ እንዲያውም ደጋግሞ በሰማው ቁጥር የባሰ ይወደዋል። የራንስፎርድን ሪዲም ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ወደደው።

የተቀዳ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም ደክሟቸው ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት ሚስተር ፔንጌሊ «አንድ ብቻ! አንድ ከባድ ነገር ስጡኝና ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ብሎ ይጨቀጭቃል። ራንስፎርድ ቤዝ ጊታሩን አቅፎ ምንም ሳያስብ አውራ ጣቱን ለቀቀው። ጣቱም የሚያውቀውን መታ። የሚያውቀው የተወለደበትን የፖርት ሞራንትን ከበሮ ነበር፤ በልጅነቱ አጎቱ ኦባዲያ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሰማውን፣ ሰው በሞተ በዘጠነኛው ቀን ሙታንን ለመጥራት የሚመታውን።

ፈጽሞ ግድ የለሽ ሆኖም አልነበረም። በአገሩ ይህ ጥሪ ሳይዘጋ አይተውም። መጨረሻው ላይ ረጋ ያሉ አራት ምቶች ይመታሉ፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ አንድ ምት ይጨመራል፤ የመጡት ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ከበሮውን ያግዛል፤ ጠረጴዛም ይሁን ድስት ወይም የቤቱ ግድግዳ፣ እጁ ያገኘውን ይመታል። ራንስፎርድም የዚያን ዕለት እስከ መጨረሻው ሄዶ በቤዙ ዘጋው። በተቀዳበት ክር ላይ አለ። ነገር ግን ሲልቫን የሚባለው ድምፅ ቀጂ፣ ሸክላ በሚያወጣ ጊዜ ሁሉ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ድምፁን በቁልፉ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ዘፈኑ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል። ሸክላ እንደዚያ ነው የሚያልቀው፤ የማንም ሸክላ። መዝጊያውን ከሙዚቀኞቹ በቀር የማንም ጆሮ ሰምቶት አያውቅም።

ኬንሪክ በተቀበረ በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ የራንስፎርድ ልጅ ዶሬት ከሥራ እየሮጠች መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ቆማ የሰውን ሁሉ ድምፅ ትውጣለች። እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

«አባዬ! ሚስተር ፔንጌሊ ሪዲሙን ሰጠኝ! ዓርብ ልቀዳ ነው!»

«የቱን ሪዲም?»

«የቱን ይባላል? ያንተን ነዋ!»

ራንስፎርድ የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። «አትቀጂም» አላት።

«ምን?»

«ሌላ ሪዲም ይስጥሽ። መቶ ሪዲም አለው። በዚህኛው አትዘፍኚም፣ አለቀ።»

«ለሠፈሩ ወንድ ሁሉ ሲሆን ጥሩ ነበር! እኔ ጋ ሲደርስ ምን ሆነ?»

«የሠፈሩ ወንድ የት ነው ያለው ዶሬት? ቁጠሪያቸው እስቲ።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «ይሄን ነገር ለሰው እንዳትናገር፣ አባዬ። አበደ ይሉሃል። ሁበርት ጠጥቶ ነበር። ያ ግንብ ከድሮም የዘመመ ነው። የአውቶቡሱን ሹፌር ደግሞ አገር ያውቀዋል።» ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ፊቱ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ? እስከ ዛሬ አንድ ቀን 'ዘፈንሽ ጥሩ ነው' ብለኸኝ ታውቃለህ? ፓስተሩ ይለኛል፣ ፔንጌሊ ይለኛል፣ ዓሣ ሻጯ ሳትቀር ትለኛለች። አንተ አንድ ቀን እንኳ?»

አላላትም። ልጅቷን የሙዚቃ ነገር እንዳይወስድበት ስለሚፈራ፣ ስትዘፍን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው የኖረው። ሞኝነት ነው እንጂ፣ መስማቱንስ ሁልጊዜ ሰምቷታል። አሁንም ያስቀመጠውን ሳህን መልሶ አነሳ። እሷም ዓርብ እንደምትሄድ፣ ቢያስራትም በጥሳ እንደምትሄድ ነግራው በሩን በላዩ ላይ ዘግታበት ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ራንስፎርድ በአውቶቡስ ወደ ፖርት ሞራንት ወረደ። አጎቱ ኦባዲያ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያበጠ ጣቱን ሩም በሚሉት ነጭ አረቄ ያሻል። ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ እስኪጨርስለት ድረስ ቀና ብሎም አላየው።

«ዘጋኸው ወይ?» አለው ሲጨርስ።

«ዘግቼዋለሁ አጎቴ። ግን አይሰማም።»

«የተመታ ነገር እንዴት ነው የማይሰማው?»

«እዚያ ሳይደርስ ድምፁን ይቀንሱታል። ሸክላ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

ኦባዲያ ማሸቱን ተወ። «ሦስቴ ጠርታችኋቸዋል ማለት ነው። ሦስቴ መጥተዋል። አንድም ቀን ሂዱ ያላቸው የለም።»

«እኔ ቤዝ ነው ብዬ… ከበሮ አይደለም ብዬ ነው እኮ።»

«አንተ ብለህ ነዋ! እነሱን ጠይቀሃቸዋል?» ሽማግሌው ቆጣ አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። በአዲስ አፍ በተጠራ ቁጥር አዲስ ጥሪ ነው። ጥሪው በተሰማበት ሜዳ፣ የሰማው ሰው ሳይበተን፣ መዝጊያው ይሰማ። በሸክላም ቢሆን ግድ የለኝም፣ እጁ የአንተው እጅ ነው። እስከ መጨረሻው ይሰማ።»

«ሰዉ ሳይሰማው ቢበተንስ?»

ኦባዲያ ከጠርሙሱ ጥቂት ሩም መሬት ላይ አፈሰሰ።

«ስንት ዓመቷ ነው አልከኝ ልጅቷ?» አለ ሽማግሌው፣ መሬቱን እያየ።

ዓርብ ዕለት ራንስፎርድ ከልጁ ቀድሞ ስቱዲዮ ደረሰ። ፔንጌሊን ጥግ አስይዞ፣ የዶሬት ሸክላ ድምፁ ሳይቀነስ እስከ መጨረሻዋ ምት እንዲቀረጽ ለመነው።

«አራት ደቂቃ ተኩል?» አለ ፔንጌሊ። «ማን ሊሰማልህ ነው? አረጀህ እኮ ራንስፎርድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ቤዝ መታሁልህ አለቃ። አንድ ቀን አንድ ነገር ጠይቄህ አውቃለሁ?»

እውነትም ጠይቆት አያውቅም። «ለእሑዱ የሙከራ ሸክላ ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ለገበያ ሲታተም እንደ ሁልጊዜው እንቀንሰዋለን። ሲልቫን! ሰማህ አይደል? የሽማግሌው ፈቃድ ይሁን!»

ለራንስፎርድ ይኸው በቂው ነበር። እሑድ ሜዳው ላይ አንዴ እስከ መጨረሻው ይሰማ እንጂ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው። ልቡ ትንሽ መለስ አለለት። ዶሬት ገብታ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። አባቷን በመስታወቱ ስታየው አገጯን ቀና አደረገች፤ ኩርፊያዋ አልወጣላትም። ከዚያ ሪዲሙ ጀመረና አፏን ከፈተች።

«እማዬ፣ በሩ ላይ ነኝ፤ እማዬ፣ ክፈቺልኝ…»

በስንት የፍቅር ነገር መዝፈን ስትችል፣ በዚያ ጥሪ ላይ የሞተች እናቷን ትጣራለች! ማን ነገራት? ማንም። እሷ እናቷ ናፍቃት ነው የዘፈነችው። እንዲያ ስትዘፍን ደግሞ ከሁበርትም ከሌስተርም ከኬንሪክም በለጠች። ሲልቫን እንኳ፣ ስንት ድምፅ የሰለቸ ሰው፣ ሲጋራው በእጁ ላይ አለቀ። የራንስፎርድ ዓይን እንባ ሞላ። ወጥታ ፊቱን ስታይ አንድ ቃል ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን የሚያስበው እሑድን ብቻ ነበርና «ሻርፕሽን አትርሺ» አላት።

እሑድ ከምሳ በኋላ በማክስፊልድ መንገድ ያለው ሜዳ ሞላ። ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ከቁም ሳጥን የሚበልጡ የድምፅ ሳጥኖች ሦስት ማዕዘን ላይ ቆመዋል። ፖሊስ የፈቀደው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዲት ደቂቃ ካለፈች ጂፗ በሩ ላይ ነች። ራንስፎርድ በቀጥታ ወደ ሸክላ አጫዋቹ ወደ ኦስበርን ሄደ።

«የልጄን ሸክላ እስከ መጨረሻው አጫውተው። እባክህ።»

«ሕዝቡ ከፈቀደ!» አለ ኦስበርን እየሳቀ። «ቆርቆሮ ከተመታ ግን አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? እምቢ ብል ከነማሽኔ ነው የሚቀብሩኝ።»

እውነቱን ነው። በዚህ አገር ዘፈን የወደደ ሰው አያጨበጭብም፤ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይደልቃል። ያኔ አጫዋቹ መርፌውን አንስቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕጉ ይኸው ነው፣ ጽፎ ያስቀመጠው ባይኖርም። ቆርቆሮ ያልተመታለት ዘፋኝ በጓሮ በኩል ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ራንስፎርድ ይህን ሁሉ ዕድሜውን ያውቀዋል። ዓርብ ዕለት ግን ትዝ አላለውም። ስለ ሲልቫን ቁልፍ ብቻ ተጨንቆ፣ የልጁ ድምፅ ማማሩ ራሱ እንቅፋት ይሆናል ብሎ አላሰበም።

ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ኦስበርን የዶሬትን ሸክላ አስቀመጠ። ቤዙ ሲወርድ መሬቱ ራንስፎርድን በጫማው በኩል ነዘረው። «እማዬ፣ በሩ ላይ ነኝ» ስትል ሜዳው ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርሰው ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ተናጋ። ኦስበርን መርፌውን አነሳ። ዶሬት ከማንጎው ዛፍ ሥር አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትዘላለች።

እንደገና ተጀመረ፣ እንደገና ተመታ። ሦስተኛም። አራተኛም። በዚያ ሜዳ አራቴ የተመለሰ ሸክላ በዚያ ዓመት አልነበረም። ሰዉ ተደስቶ ያብዳል፣ ራንስፎርድ ያልበዋል። በአምስተኛው ላይ አንዱን ጎረምሳ ክንዱን ይዞ «አትምታ ልጄ፣ ትጨርስ እስቲ» ቢለው፣ «ልጅህ አይደለችም እንዴ? ምቀኛ አባት!» ብሎ አላገጠበትና የባሰ ደለቀው።

ስድስተኛው ሲጀመር ለአሥራ ሁለት ሰባት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሰዉ ደክሞታል። ዓይኑን ጨፍኖ በቁሙ ይወዛወዛል እንጂ የሚመታ ጠፋ። ራንስፎርድ በሩ አጠገብ ቆርቆሮውን ተደግፎ ያዳምጣል። ሁለተኛው ስንኝ አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። የዶሬት ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ እናቷን ጠርቶ ዝም አለ። ቤዙና ከበሮው ብቻ ቀሩ። ሲልቫን ሁልጊዜ የሚቀንስባት ቦታ መጣች፤ አለፈች። ድምፁ አልቀነሰም። ራንስፎርድ ዙሩን በከንፈሩ መቁጠር ጀመረ። አራት ዙር ቀረው። ሦስት። ሁለት። እናቷን በሆዱ ለመናት፤ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ጠብቂ አላት። አንድ።

ከዚያ የመዝጊያው የመጀመሪያ ምት ከሳጥኖቹ ወጣ፤ ረጋ ብሎ፣ ከብዶ፣ ልክ በልጅነቱ እንደሚያውቀው።

እጁም ተነሳ። እሱ አላዘዘውም። ይህ ምት ሲሰማ በፖርት ሞራንት እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አራት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ያገኘውን ሲመታ ነው ያደገው። የራንስፎርድ መዳፍ ከበስተኋላው ያለውን ቆርቆሮ አንዴ፣ በኃይል መታው።

አጥሩ በሙሉ አብሮት ተነሳ። ደክሟቸው የነበሩት ሁሉ ነቁ፣ የሁሉም እጅ ወረደ። ኦስበርን ወደ በሩ ዞሮ ማን እንደ ጀመረው አየና ጥርሱን ብልጭ አደረገ። «አባትየው ራሱ! ለአባትየው ከመጀመሪያው!» ብሎ መርፌውን አነሳው።

«አታንሳ!» አለ ራንስፎርድ። ማንም አልሰማውም። ሪዲሙ ከመጀመሪያው፣ ከጥሪው ጀመረ።

ዶሬት ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። «አየሁህ! አንተ ነህ የመታህልኝ! አባዬ፣ አንተ ነህ!»

«ዶሬት፣ ልቀቂኝ፣ ኦስበርንን…» እያለ ሊያልፍ ሲል ጂፗ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ፖሊስ ወርዶ የእጅ ሰዓቱን አሳየ። ኦስበርን ትከሻውን ሰብቆ ማብሪያውን አጠፋው። ዘፈኑ በሁለተኛው ስንኝ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ራንስፎርድ ወደ ቆርቆሮው ዞሮ በመዳፉ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዝም አለ። አንድ ጨመረ። በጫጫታው መሐል ይሰማ አይሰማ እንጃ።

«አባት! ማሽኑ ጠፍቷል እኮ፣ አልጠገቡም እንዴ?» አለው አንዱ፣ ሰዉም ሳቀ። ከሳቁ መሐል አንዲት ሴት ቤዙን በአፏ ጀመረችው። ሌላው ተቀበላት። በሩ ሲከፈት ሜዳው በሙሉ ተቀብሎት ነበር፤ እያዜመ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች፣ በየቅያሱ። «እማዬ፣ በሩ ላይ ነኝ» እያሉ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። ራንስፎርድ ከኋላቸው ቆሞ ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መዳፉ በቆርቆሮው ተሰንጥቆ ደማ። ሜዳው ባዶ ሲሆን ተወው።

ዶሬት የደማ እጁን በሻርፗ ጠቀለለችለት። «አሁንስ አበዛኸው፣ አባዬ» አለች፣ ግን ፊቷ ያበራል። «ሚስተር ፔንጌሊ ምን አለኝ መሰለህ? ሞንቴጎ ቤይ ሊወስደኝ ነው፣ እዚያ ልዘፍን! በራሱ መኪና፣ በተራራው መንገድ።»

«መቼ?»

«ነገ ሳምንት።»

ራንስፎርድ ባልተጠቀለለው እጁ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ዛሬ እሑድ፣ አንድ። አምስት ላይ ጣቱ አለቀና ከአውራ ጣቱ እንደገና ጀመረ፤ ነገ ሳምንት ሰኞ ላይ ዘጠኝ ሞላ።

«ምን ትቆጥራለህ?»

«ምንም።» እንዳትሄጂ ሊላት ፈልጎ ነበር። ሁበርት ባሕር ውስጥ ነበር፤ ሌስተር ግን ከደጁም አልተነሳም። ከየት አስቀርቶ የት ያስቀምጣታል? በቅያሱ ጫፍ ሰዉ አሁንም ያዜማል፤ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ልጁን በክንዱ ሥር አስገብቶ ወደ ደረቱ አስጠጋት።

«ዘፈንሽ ጥሩ ነው» አላት።